ከበር እስከ መድኃኒት ቤት፦ አንድ የመሀል አዲስ አበባ ጤና ጣቢያ አካል ጉዳተኞችን በፍትሐዊነት እንዲያገለግል የማድረግ ዝርዝር መመሪያ

በአራዳ፣ በቂርቆስ፣ በልደታ ወይም በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚኖር አካል ጉዳተኛ ሕክምና ሩቅ ሆኖበት አይደለም የሚቀረው። ጥቁር አንበሳ፣ ዘውዲቱ፣ ጋንዲና ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታሎች ከመኖሪያው ብዙ የማይርቁ ናቸው፤ በየወረዳውም ጤና ጣቢያ አለ። የሚቀረው በሩ ላይ ያለው ደረጃ ስለሚያስቸግረው፣ ስሙ ሲጠራ ስለማይሰማ፣ ወይም ባለፈው ጊዜ ባለሙያው እሱን ትቶ አብሮት የመጣውን ወንድሙን «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ስለጠየቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ 1.3 ቢሊዮን ሰዎች፣ ማለትም ከስድስት ሰዎች አንዱ፣ ጉልህ የአካል ጉዳት እንዳለባቸውና አንዳንዶቹም ከሌላው ሰው እስከ 20 ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱ ገልጿል። የሪፖርቱ ዋና ነጥብ የዚህ ልዩነት ትልቁ ክፍል ከጉዳቱ የሚመነጭ ሳይሆን ሊወገድ የሚችል ኢፍትሐዊነት የሚፈጥረው መሆኑ ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለጤና ጣቢያ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች እንዲሁም እነሱን ለሚጠይቁ የአካል ጉዳተኛ ማኅበራት አባላት ነው። አካሄዱም አንድ ታካሚ ከታክሲ መውረጃ ተነሥቶ መድኃኒቱን ይዞ እስኪመለስ የሚያልፍበትን መንገድ ተከትሎ፣ መሰናክሎቹን በየተራ ማስወገድ ነው። አብዛኛው ማስተካከያ በጀት ሳይጠብቅ በኃላፊው ውሳኔ ብቻ ሊፈጸም የሚችል መሆኑን ከወዲሁ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም «በጀት የለም» የሚለው መልስ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ምንም ገንዘብ ለማያስፈልገው ጉዳይ ነው።

ከመጀመር በፊት፦ የሕግ መሠረቱን በእጅ መያዝ

ሥራው የበጎ ፈቃድ ጉዳይ ተደርጎ እንዳይታይ ሦስት ሰነዶችን ማወቅ ይበቃል። የመጀመሪያው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሲሆን፣ አንቀጽ 41 መንግሥት ለጤናና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች የሚመድበውን ሀብት በየጊዜው እያሳደገ እንዲሄድ፣ አቅም በፈቀደ መጠንም አካል ጉዳተኞችን እንዲንከባከብና መልሶ እንዲያቋቁም ያስገድዳል። ሁለተኛው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ነው። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃዋለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረትም የአገሪቱ ሕግ አካል ሆኗል። የስምምነቱ አንቀጽ 25 አካል ጉዳተኞች ከሌላው ሰው ጋር እኩል ዓይነት፣ ጥራትና ደረጃ ያለው የጤና አገልግሎት እንዲያገኙ ይደነግጋል፤ የሥነ ተዋልዶ ጤናንም በግልጽ ይጨምራል። ሦስተኛው በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ነው፤ አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ዊልቸር ለሚጠቀሙ ሰዎች ጭምር የሚሆን መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው አዝዟል፤ በኋላ በወጣ አዋጅ አለመተካቱን ግን ከመጥቀስ በፊት ማጣራት ይገባል። ለወረዳ ወይም ለክፍለ ከተማ የሚጻፍ ማንኛውም ደብዳቤ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ቢጠቅስ መልሱ የተለየ ይሆናል።

አንደኛ ደረጃ፦ ቡድን ማቋቋም

ቡድኑ ኃላፊውን ወይም ምክትሉን፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ ነርስ፣ ፋርማሲስትና የጥበቃ ሠራተኛ ያካትት። ጥበቃው ለምን እንደተጨመረ የሚጠይቅ ካለ፣ አካል ጉዳተኛው በተቋሙ ውስጥ መጀመሪያ የሚያነጋግረው ሰው እሱ ነው፤ ለልመና የመጣ መስሎት የሚመልሰውም፣ በትክክለኛው በር የሚያስገባውም እሱ ነው። ከተገልጋዮች በኩል ቢያንስ አንድ ዊልቸር ወይም ክራንች የሚጠቀም፣ አንድ ዓይነ ስውር፣ አንድ መስማት የተሳነውና የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ እናት ወይም አባት ይኑሩበት። ተገልጋዮቹን ለማግኘት የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርን፣ የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርን ወይም የወረዳውን የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይቻላል። የትራንስፖርት ወጪያቸው ይሸፈን፤ በነጻ አማክሩን ማለት ተገቢ አይደለም።

ሁለተኛ ደረጃ፦ የማይመጡትን ማወቅ

የጤና ጣቢያው መዝገብ የሚያሳየው የመጡትን ብቻ ነው፤ ከመጡትም ውስጥ ማን የማየት ወይም የመስማት ችግር እንዳለበት ካርዱ ላይ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ይህን ለማስተካከል ዓለም አቀፍ ተቀባይነት ያላቸውን ስድስት አጫጭር ጥያቄዎች መጠቀም ይቻላል። ጥያቄዎቹ ስለ ማየት፣ ስለ መስማት፣ ስለ መራመድና ደረጃ መውጣት፣ ስለ ማስታወስና ትኩረት፣ ራስን ስለ መንከባከብ እንዲሁም ስለ መግባባት ናቸው፤ ለምሳሌ «መነጽር ቢያደርጉም እንኳ ለማየት ይቸገራሉ?» ተብሎ ይጠየቃል። ምላሹ «አልቸገርም»፣ «ትንሽ እቸገራለሁ»፣ «በጣም እቸገራለሁ» ወይም «ጨርሶ አልችልም» የሚል ይሆናል፤ ቢያንስ በአንዱ «በጣም እቸገራለሁ» ወይም ከዚያ በላይ ያለ ሰው ይመዘገባል።

«አካል ጉዳተኛ ነዎት?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ግን አይመከርም። በዕድሜ ምክንያት ዓይናቸው የደከመ እናት ራሳቸውን አካል ጉዳተኛ ብለው አይጠሩም፤ ሌላው ደግሞ ነቀፋ ፈርቶ ይክዳል። ጥያቄዎቹ ካርድ ሲወጣ ቢጠየቁ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይወስዱም። ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም በዚያው ጉብኝት ቢጠይቋቸው፣ በጓዳ ተደብቀው የሚውሉ ልጆችና ከአልጋ የማይወርዱ አዛውንቶች ይታወቃሉ። በመሀል ከተማው መልሶ ማልማት ምክንያት ከፒያሳ ወይም ከካዛንቺስ ወደ ሌላ አካባቢ የተዛወሩ ቤተሰቦች ልዩ ክትትል ያስፈልጋቸዋል፤ የረጅም ጊዜ መድኃኒት የሚወስድ አካል ጉዳተኛ ሰፈር ሲቀይር ካርዱም፣ የጤና መድን ምዝገባውም፣ የሚያውቀው ባለሙያም አብረው ይጠፉበታልና።

ሦስተኛ ደረጃ፦ መንገዱን አብሮ መሄድ

አንድ ጠዋት፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት፣ ቡድኑ በሙሉ ከታክሲ መውረጃው ይነሣና እስከ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ድረስ ይሂድ። ዊልቸር ተጠቃሚው ራሱ እየነዳ፣ ዓይነ ስውሩ በነጭ በትሩ እየተመራ ይሂዱ፤ ሌሎቹ አይርዷቸው፣ የቆሙበትን ቦታ ብቻ ይመዝግቡ። ጤናማ እግር ያለው ሰው ዊልቸር ላይ ተቀምጦ «ልሞክረው» ማለቱ ለፎቶግራፍ ካልሆነ በቀር ብዙ አያስተምርም፤ ዊልቸርን በየቀኑ የሚነዳ ሰው የሚያየውን ስንጥቅ እሱ አያየውም።

በኮሪደር ልማቱ የተሠሩ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ዋና ዋናዎቹን ጎዳናዎች ቀለል አድርገዋል። ጤና ጣቢያዎች ግን ብዙውን ጊዜ ከዋናው አስፋልት ገባ ብለው፣ በድንጋይ ንጣፍ ወይም በዳገት መንገድ ላይ ይገኛሉ፤ ስለዚህ መለካት ያለበት የመጨረሻው መቶ ወይም ሁለት መቶ ሜትር ነው። ክፍት የውኃ መውረጃ፣ የቆመ መኪና፣ የተከመረ አሸዋ ሁሉም ይጻፍ። ከግቢ ውጭ ያለው የወረዳው ኃላፊነት በመሆኑ በደብዳቤ ይገለጽ።

ከበሩ በኋላ ዋናው ጉዳይ ራምፑ፣ ማለትም በደረጃ ፋንታ ለዊልቸር የሚሠራው ተዳፋት መወጣጫ፣ ነው። በብዙ ተቋማት ራምፕ አለ፣ ነገር ግን ለይስሙላ የተሠራ ነው፤ አንዳንዱ ዳገታማ ከመሆኑ የተነሣ ዊልቸሩን ሁለት ሰው ካልገፋው አይወጣም፣ ሌላው ደግሞ መጨረሻው ሁልጊዜ የተቆለፈ በር ነው። ልኩ ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት። እያንዳንዳቸው 15 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ደረጃዎች ያሉት መግቢያ በጠቅላላው 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ስላለው 5 ሜትር ከ40 የሚረዝም ራምፕ ይፈልጋል። ቦታው ካልበቃ ራምፑ ይታጠፋል፤ በመታጠፊያው ላይም 1 ሜትር ከ50 በ1 ሜትር ከ50 የሆነ ጠፍጣፋ ማረፊያ ይኖረዋል። በሁለቱም ጎን መያዣ ብረት ይኑረው፤ ወለሉ ደግሞ ሻካራ ሲሚንቶ ይሁን እንጂ የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ አይሁን፣ በክረምት ክራንች የያዘ ሰው በእርጥብ ሴራሚክ ላይ ከወደቀ አዲስ ስብራት ይዞ ይመለሳልና። የበሮች ስፋት ሲከፈቱ ከ80 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ፣ ቢቻል 90 እንዲሆን ያስፈልጋል።

የጤና ጣቢያው ሕንፃ ፎቅ ከሆነ አሳንሰር እስኪተከል ወይም እስኪጠገን መጠበቅ አያስፈልግም። በምድር ቤት ያለ አንድ ክፍል ለዚሁ ተለይቶ፣ ሐኪሙ ወይም የላቦራቶሪ ባለሙያው ወደ ታካሚው እንዲወርድ በጽሑፍ መመሪያ መስጠት ይቻላል። ይህ ውሳኔ አንድ ብር አያስወጣም። ታካሚን በሰው ትከሻ ተሸክሞ ደረጃ ማውጣት ግን እንደ መፍትሔ መቆጠር የለበትም፤ አደገኛ ነው፣ ክብርንም ይነካል።

መጸዳጃ ቤቱን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ለአካል ጉዳተኞች ተብሎ የተሠራው ክፍል የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ከተገኘ፣ ቁልፉ ከጽዳት ሠራተኛዋ እጅ ወጥቶ በሩ ክፍት ይደረግ።

አራተኛ ደረጃ፦ ካርድ ክፍልና ወረፋ

መስማት የተሳነው ሰው ስሙ ሲጠራ አይሰማም፤ ዓይነ ስውሩ ደግሞ በሰሌዳ ላይ የሚታየውን ቁጥር አያነብም። ሁለቱንም የሚያገለግለው ዘዴ ቁጥር ጽፎ መስጠትና ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ከማሳየት ጋር በድምፅም መጥራት ነው። በካርዱ ሽፋን ላይ «በምልክት ቋንቋ ይነጋገራል» ወይም «ክንዱ ተይዞ መመራት ይፈልጋል» የሚል አጭር ማስታወሻ ቢጻፍ፣ ቀጣዩ ክፍል ከባዶ አይጀምርም፤ ማስታወሻው ግን ባለቤቱ ሲፈቅድ ብቻ ይጻፍ፣ የምርመራ ውጤትም አይገለጽበት።

ቅድሚያ መስጠት የሚያስፈልገው ለሁሉም አይደለም፤ ረጅም ሰዓት መቀመጥ ቁስል ለሚያስከትልበት የአከርካሪ ጉዳት ላለበት ሰው፣ ጫጫታ ለሚረብሸው ኦቲዝም ላለበት ልጅና መሰል ሁኔታዎች ይሰጥ። ቀጠሮ በስልክ ብቻ የሚያዝ ከሆነ መስማት የተሳናቸው ይገለላሉ፤ አንድ ቁጥር በአጭር መልእክት ወይም በቴሌግራም እንዲቀበል ማድረግ ችግሩን ይፈታል።

አምስተኛ ደረጃ፦ የምርመራ ክፍል

ፍትሐዊነት በእርግጥ የሚለካው እዚህ ነው፤ በሩን ሁሉ አልፎ የገባ ታካሚ በዚህ ክፍል ውስጥ ግማሽ ምርመራ ብቻ ተደርጎለት ሊወጣ ይችላልና።

በቅድሚያ፣ ባለሙያው ታካሚውን ራሱን ያነጋግር። አስታማሚ አብሮ ቢመጣ መልካም ነው፤ ጥያቄው ግን «እርስዎን ምን አመመዎት?» ተብሎ ለታካሚው ይቅረብ፣ ስምምነትም ከእሱ ይጠየቅ። ለዓይነ ስውር ታካሚ ከመንካት በፊት ምን ሊደረግ እንደሆነ ይነገረው፦ «አሁን ግራ ክንድዎ ላይ የደም ግፊት መለኪያ ላስር ነው»። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ሰው አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ሥዕልና ትዕግሥት ያስፈልገዋል፤ ዕድሜው 30 የሆነን ሰው «ማሙሽ» ብሎ መጥራት ግን አይገባም።

መስማት ለተሳናቸው ወረቀትና ብዕር በቂ ነው ተብሎ ይታሰባል። ብዙዎቹ ግን የመጀመሪያ ቋንቋቸው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ስለሆነ፣ ወይም ትምህርት ቤት ስላልገቡ፣ የተጻፈ አማርኛ በሚገባ አይረዱም። ልጅን አስተርጓሚ ማድረግም ነውር ነው፤ እናት ስለ ኤችአይቪ ምርመራ ወይም ስለ ማኅፀን ፈሳሽ በአሥር ዓመት ልጇ በኩል እንድትናገር መጠየቅ ምስጢሯን መውሰድ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል፤ ስለዚህ በከተማዋ ባለሙያ አለ። በየቀኑ አስተርጓሚ መቅጠር ካልተቻለ በሳምንት ሁለት ጠዋት ተመድቦ ቀኑ በማኅበሩ በኩል ይነገር፤ በሌሎቹ ቀናት በስልክ ቪዲዮ ማስተርጎም ይቻላል። የከንፈር እንቅስቃሴ የሚያነብ ታካሚ ሲመጣ ባለሙያው ከመስኮቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ጭንብሉን ማውለቅ በሚቻልበት ሁኔታ አውልቆ፣ ሳይጮኽ ይናገር።

መሣሪያዎቹን በተመለከተ፣ ከፍ ያለ የምርመራ አልጋ ብዙ ሴቶችን ከማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ አስቀርቷል። ምርመራው ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች የሚሰጥ ሲሆን፣ ዊልቸር የምትጠቀም ሴት አልጋው ላይ መውጣት ስላልቻለች ብቻ «ሌላ ጊዜ» ትባላለች። በአንድ ጤና ጣቢያ ቁመቱ የሚስተካከል ወይም ከ45 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ አልጋ ቢኖር ለምርመራም ለማዋለጃም ያገለግላል። ሚዛን ላይ መቆም የማይችል ሰው ክብደቱ በግምት ሲጻፍ የመድኃኒቱም መጠን በግምት ይሆናል፤ ሰፊ የወለል ሚዛን ካለ ታካሚው ከነዊልቸሩ ተመዝኖ የባዶው ዊልቸር ክብደት ይቀነሳል።

ሌላው አደጋ ሕመሙን ሁሉ በአካል ጉዳቱ ማሳበብ ነው። የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ደረቱን አመመኝ ሲል «ያው ሕመሙ ነው» ከተባለ የልብ ሕመሙ ሳይታይ ይቀራል። የአከርካሪ ጉዳት ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ሕመም ስለማይሰማው የመቀመጫ ቁስልና የሽንት መስመር ኢንፌክሽን ተባብሶ ሊመጣ ስለሚችል ቆዳው በእያንዳንዱ ጉብኝት ይታይ። በሥጋ ደዌ ምክንያት የእግር ስሜቱን ያጣ ሰው ጫማውን አውልቆ ይመርመር፤ ቁስል ከተገኘ በዘነበወርቅ ወዳለው አለርት ሆስፒታል ይላክ። ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ስለሚወለዱ፣ የልብ ምርመራ ሳይደረግላቸው መቆየት የለባቸውም። የአካል ጉዳት ያለባት ሴት ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ስትጠይቅ ደግሞ በመደነቅ መመልከት ራሱ አድሎ ነው፤ የወሊድ ክትትል ስትጀምርም የመጀመሪያው ቃል «ማን አስረገዘሽ?» ሊሆን አይገባም።

ስድስተኛ ደረጃ፦ መድኃኒት ቤት

ፋርማሲስቱ ለዓይነ ስውር ታካሚ የመድኃኒቱን አወሳሰድ በታካሚው ስልክ ላይ በድምፅ ቢቀዳለት፣ እቤት ሆኖ ደጋግሞ ሊሰማው ይችላል። ሁለት ዓይነት መድኃኒት ካለ ሣጥኖቹ ላይ የሚጠመጠም ላስቲክ ይለያቸዋል፤ አንድ ላስቲክ በቀን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ላስቲክ በቀን ሁለት ጊዜ ማለት ይሆናል። መስማት ለተሳናቸው የፀሐይና የጨረቃ ሥዕል ያለበት ወረቀት ይሰጥ። በሁሉም ሁኔታ ታካሚው የተረዳውን መልሶ እንዲናገር ወይም እንዲያሳይ ይጠየቅ።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ክፍያና ሪፈር

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአባወራ ወይም በእማወራ ስም በየዓመቱ የሚታደስ ሲሆን፣ መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች ወጪ በመንግሥት ይሸፈናል። ከወላጆቹ ጋር የሚኖር አዋቂ አካል ጉዳተኛ በቤተሰቡ መዝገብ ላይ ስሙና ፎቶው መኖሩን፣ ቤተሰብ የሌለው ደግሞ በወረዳው የመክፈል አቅም የሌላቸው ዝርዝር ውስጥ መግባቱን ማረጋገጥ ይገባል። መድኑ የሚሠራው በሪፈር ሥርዓት ነው፤ ጤና ጣቢያውን ዘልሎ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ አባል ወጪው ላይሸፈንለት ይችላል። እንደ ዊልቸር፣ መነጽርና ሰው ሠራሽ እግር ያሉ መሣሪያዎች በመድኑ ስለ መካተታቸው አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የወሊድ አገልግሎት፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔና የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ለማንኛውም ሰው በነጻ የሚሰጡ ናቸው።

ሪፈር ሲጻፍ «ዊልቸር ይጠቀማል» ወይም «አስተርጓሚ ያስፈልጋል» ተብሎ በወረቀቱ ላይ ይጠቀስ፤ ከተቻለም ተቀባዩ ሆስፒታል በስልክ ይነገረው። ለዓይን ዳግማዊ ምኒልክ፣ ለአእምሮ ጤና አማኑኤል ሆስፒታል ይታወቃሉ። አስቸኳይ ሲሆን የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ መደወል ለማይችሉ ታካሚዎች ማን እንደሚደውልላቸው ከወዲሁ ከጎረቤት ወይም ከዕድር ጋር መነጋገር ይገባል።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ዕቅድ፣ በጀትና አቤቱታ

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ራምፕ፣ አልጋ ወይም አስተርጓሚ የሚፈልግ ጤና ጣቢያ ጥያቄውን ዕቅድ በሚዘጋጅበት ወቅት፣ ማለትም ከበልጉ ወራት ሳያልፍ፣ ከነልኩና ከነዋጋው ማቅረብ አለበት። «ተደራሽነትን ማሻሻል» የሚል ጥቅል መስመር መጀመሪያ ይሰረዛል፤ «5 ሜትር ከ40 ራምፕ፣ ሁለት መያዣ ብረት» የሚል መስመር ግን ለመሰረዝ ምክንያት ይጠይቃል።

አገልግሎት የተነፈገ ሰው ቀኑን፣ ክፍሉንና የተባለውን ጽፎ በመጀመሪያ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ለከተማው ጤና ቢሮ ያቅርብ። መልስ ካላገኘ አስተዳደራዊ በደልን ለሚመለከተው የእንባ ጠባቂ ተቋም፣ ወይም የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚከታተል ኮሚሽነር ላለው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ማመልከት ይችላል። የአቤቱታ መቀበያው ሣጥን ብቻ ከሆነ ማየት የተሳነው ሰው ስለማይጠቀምበት ቃል ተቀብሎ የሚጽፍ ሠራተኛ ይመደብ።

ከስድስት ወር በኋላ የሦስተኛው ደረጃ ጉዞ በሌሎች ተገልጋዮች ይደገም፤ የመጀመሪያዎቹ መንገዱን ስለለመዱት አዲሱን መሰናክል ላያዩት ይችላሉ። ከተቻለም በሐምሌ ወይም በነሐሴ፣ ዝናብ በጣለበት ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፤ በጥር ደርቆ ጥሩ የመሰለው ራምፕ ምን ያህል እንደሚያንሸራትትና ውኃው የት እንደሚጠራቀም የሚታየው ያን ጊዜ ነው።